ዳልቻና የቀኝ ጎኑ

አንድ ጊዜ ዳልቻና ቦራ የሚባሉ ሁለት የእርሻ በሬዎች ከቀንበር ተፈትተው ላባቸው ሳይደርቅ ይጨቃጨቁ ነበር።

«ሞፈሩን የምጎትተው እኔ ነኝ፤ አንተማ ተደግፈኸኝ ነው የምትውለው» አለ ዳልቻ።

«ይሄን ቃል ከየት አመጣኸው? ያንተ አይደለም» አለ ቦራ።

እውነትም የዳልቻ አልነበረም። ቀበሮ ሰሞኑን ጉቶ ላይ እየተቀመጠች የትከሻውን ስፋት፣ የቀንዱን ማማር ስታወድስለት ሰንብታለች። ለብቻው ቢሰማራ ግርማው ይበልጥ እንደሚታይም ነግራዋለች። ያልነገረችው፣ ሥጋውን ከአያ ጅቦ ጋር አስቀድማ መካፈሏን ነው።

የዳልቻ ቀኝ ዓይን አያይም። ከወይፈንነታቸው ጀምሮ ሲጠመዱም ሲግጡም ቦራ በቀኙ ይቆማል፤ ይህን ግን አንድም ቀን አውርቶት አያውቅም። ቦራ ደግሞ የኋላ እግሩን ስለሚያነክስ፣ ዳገት በሆነ ቁጥር ዳልቻ ትከሻውን ያስደግፈው ነበር።

በማግስቱ ዳልቻ ብቻውን ወደ ወንዙ ወረደ። ሣሩ ለምለም ነው፤ እሱን ግን አልጣመውም። መጀመሪያ ቀንበር የተጫነባቸው ቀን ሁለቱም ደንብረው ትልሙን እንዴት እንዳጣመሙት፣ ገበሬው ሲስቅባቸው እንዴት ተጠጋግተው እንደቆሙ ትዝ አለው። ሳያስበው ወደ ቀኙ ዘመም አለ። ማንም አልነበረም።

በዚያው በኩል አያ ጅቦ እያደባ መጣ። ቀበሮ ድምፁን እንዲያጠፋ መክራው ነበር፤ እሱ ግን የሻኛውን ስብ ሲያይ መታገሥ አቅቶት ሳቀ። ዳልቻ ዘወር ከማለቱ ጭኑን ነከሰው። በሬው አጓራ። ቦራ እያነከሰ ቁልቁል መጥቶ ጅቡን በቀንዱ አንሥቶ ወንዙ ውስጥ ወረወረው። ቀበሮ ይህን ስታይ እግሬ አውጪኝ አለች።

ዳልቻ አፈረ። ይቅርታ ማለት ቢከብደው ሰሞኑን የለመደውን ቃል አነሣ።

«ወንድሜ፣ ቀንድህ እንዴት ያምራል! እንዳንተ ያለ ጀግና በአገሩ የለም።»

ቦራ በግርግሩ ይበልጥ የተጎዳ እግሩን ከመሬት አንሥቶ ዳገቱን አየ። ጥቂት ጠበቀ። ዳልቻ አልተጠጋውም፤ ማሞገሱን ቀጠለ። ያኔ ቦራ ፊቱን አዙሮ ዳገቱን ብቻውን ወጣ።

ከዚህ የምንማረው፣ ማሞገስ ሌላ ማሟላት ሌላ መሆኑን፣ ጎደሏችንን ለሞላልን ወዳጅም ብድሩ የእሱን ጎደሎ መሙላት እንጂ ውዳሴ አለመሆኑን ነው።