የእመት ፍልፈል ቤት ሲለካ

ተረት ተረት፣ የቤት መሠረት።

ዝሆንና ኤሊ በአንድ መስቀለኛ መንገድ መተላለፍ ስላቃታቸው፣ የአራዊት ከተማ ከመንገዱ በላይ የሚያልፍ ድልድይ ሊሠራ ወሰነ። ምሰሶው የሚያርፈው እመት ፍልፈል ቤት ላይ ነበር። ከተማውም ቤቷን በምትክ መሬት ሊለውጥላት ቀያሹን ዝንጀሮ ላከ። ዝንጀሮ ገመዱን በአፈር ቁልሉ ላይ ዘርግቶ፣ «ሦስት ክንድ ነው፤ ሦስት ክንድ መሬት ትወስጃለሽ» አላት።

«አያ ዝንጀሮ፣ እሱ እኮ የደጄ አፈር ነው። ቤቴ ከታች ነው፤ ሰባት ትውልድ የቆፈረው። ገብተህ ለካው።»

«ዓይኔ ያላየውን ገመዴ አይለካም!» ብሎ ሳቀባት።

ለድልድዩ የሚነሡት ጎረቤቶቿ በምትክ መሬቱ ውል ላይ መዳፋቸውን እያተሙ ሄዱ። እመት ፍልፈል ግን ልጆቿን አውጥታ ቁልሉ አጠገብ ተቀመጠች። «ቤቴ ሳይለካ መዳፌን አላትምም» አለች።

በሦስተኛው ቀን ዝሆን የድንጋዩን ምሰሶ አምጥቶ ቁልሉ ላይ ተከለው። ምሰሶው ወረደ፣ ወረደ፣ ጫፉም ጠፋ። ከተማው ሁሉ ዝንጀሮን አየው። ዝንጀሮም ጉድጓዱ አፍ ላይ ተንበርክኮ ገመዱን ወደ ታች ለቀቀው።

«ስንት ክንድ ሆነ?» አለችው እመት ፍልፈል።

«ገመዱ አለቀብኝ፣ እመቤቴ።»

«ቀጥልበት፤ እኔ እጠብቃለሁ።»

ተረቴን መልሱ፣ ለአያ ዝንጀሮ ገመድ አድርሱ።