ሐጂ ቡሽራ የቆረጡት መወጣጫ

የሰውን ልብ እንደ አደባባይ ለሚያየው አላህ ምስጋና ይድረሰው። ስሟን ባልጠራት ቅር በማትሰኝ፣ ቆላና ደጋ በሚገናኙባት አንዲት አሮጌ ከተማ፣ ሐጂ ቡሽራ የሚባሉ ብረት በያጅ አዛውንት ነበሩ። የከተማው ሰው በር ሲያሠራም ሆነ ባላንጣ ሲያስታርቅ ደጃቸውን ይጠና ነበር።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ኢንድሪስ የተባለ ባለ ትራክተር መጣ። ትራክተሩን የሚያጓጉዝበት ጠፍጣፋ ተሳቢ ነበረው። ትራክተሩ ወደ ተሳቢው የሚወጣበት የብረት መወጣጫ ግን ዝጎና ተጣሞ ስለነበር አዲስ ጥንድ እንዲሠሩለት ለመናቸው። የቆላ ገበሬዎች ማሳቸውን እንዲያርስላቸው ይጠብቁታል፤ ዝናቡ ከቀደመው ጭቃው ትራክተር አያስገባም።

ሐጂ ሠሩለት። ሥራው ባለቀ ዕለት ኢንድሪስ ትራክተሩን አወጣበት፣ አወረደበትም፤ መወጣጫው ንቅንቅ አላለም። ለወጉ ያህል፣

«ሐጂ፣ ይታመናል?» አላቸው።

«ይታመናል» አሉት። ቀለም ተቀብቶ እንዲያድርና ጠዋት እንዲወስደው ተስማምተው ተለያዩ።

በማግስቱ ሲመጣ ሐጂ ቡሽራ በርከክ ብለው፣ መወጣጫው ተሳቢው ላይ የሚንጠለጠልበትን መንጠቆ ከነብየዳው ለሁለት ይቆርጡታል። ምነው ቢላቸው፣ ልየውና እነግርሃለሁ ከማለት በቀር ቀና ብለው አላዩትም።

ኢንድሪስ ግራ ገባው። ደጅ ወጥቶ ቆመ። ሰውየው አረጁ እንዴ? ወይስ ሳያውቀው አስቀይሟቸው ይሆን? የጎረቤቱ ባለሱቅ፣ ብረቱን የፈለገ ሌላ ደንበኛ መጥቶ ይሆናል አለው። እንዳያምነው ሐጂን ያውቃቸዋል፤ እንዳያስተባብል በዓይኑ ያየው አለ። በቆላው በኩል ደግሞ ሰማዩ መጥቆር ጀምሯል።

ትንሽ ቆይተው ሐጂ ጠሩትና የተቆረጠውን ፊት በሞረድ አለስልሰው አሳዩት። ብየዳው እስከ ውስጥ ዘልቆ ሁለቱን ብረት አንድ አድርጓቸዋል። ስንጥቅም ቀዳዳም የለው። ኢንድሪስ ይባስ ዞረበት።

«ይህ እኮ ደህና ነው» አላቸው።

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነው።»

«ታዲያ ለምን ቆረጡት?»

ያን ጊዜ ነገሩት። ያን መንጠቆ ሲበይዱ የአንድ ወዳጃቸው ሞት ተነገራቸው፤ ለጀናዛው ለመድረስ ተጣድፈው ጨረሱት። እጃቸው ሥራው ላይ ቢሆንም ልባቸው ሌላ ቦታ ነበር። ከቀብር ሲመለሱም በጥድፊያ መበየዳቸው ከናካቴው ከልባቸው ጠፋ። ትዝ ያላቸው ትናንት ይታመናል ካሉት በኋላ፣ ዐስርን ሊሰግዱ ሲቆሙ ነው። ትራክተሩ አንድ ጊዜ ወጣበት ማለት ሁልጊዜም ይሸከማል ማለት አይደለም፤ መንጠቆው ቢከዳ የሰው ነፍስ ይጠፋል።

ሐጂ ተረጋግተው መልሰው በየዱት፤ ቀኑም በዚያው አለቀ። በነጋታው፣ ኢንድሪስ ብቻውን እንዳይወቀስ ብለው አብረውት ቆላ ወረዱ። ዝናቡ ግን ቀድሟቸው ነበር። ከወንዙ ማዶ ያለው ማሳ ረግረግ ሆኖ ትራክተሩ ሊገባበት አልቻለም፤ ባለማሳዎቹ እንደ ድሮው በበሬ ሊያርሱ ነው። ሐጂ በፊታቸው ቆመው ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አውፍ በሉኝ አሉ፤ የሆነውንም አንድ በአንድ አስረዷቸው።

ከእነሱ አንዱ፣ ሽፈራ የሚባል ገበሬ፣ አልተዋጠለትም። ብረቱ ደህና ሆኖ ሳለ እኛ ለምን ተጎዳን ሲል በምሬት ጠየቃቸው።

ሐጂ ቡሽራም፣ «ልጄ፣ ብረቱ ደህና ነበር፤ ደህና ያልነበረው ቃሌ ነው» አሉት።

ነገሩ እንደገባው ወይም እንዳልገባው የሽፈራ ፊት አይናገርም ነበር፤ ብቻ ከዝናቡ እንዲጠለሉ ወደ ቤቱ አስገባቸው። ኢንድሪስም ወደ ከተማ ሲመለስ መንገዱን ሙሉ ሲያወጣ ሲያወርድ፣ በሐጂ ይናደድ ወይስ ያመስግናቸው መቁረጥ አቅቶት እንደነበር ኋላ ራሱ ተናግሯል።

ወገኖቼ፣ እኛ ውሸት የምንለው ነገሩ ሐሰት ሆኖ ሲገኝ ብቻ ነው። ሳናይ መስክረን ነገሩ እንዳልነው ከሆነ ግን አላህ ሸፈነን ብለን እናልፋለን፤ አማናውን፣ አደራውን፣ ማጉደላችንን አንቆጥረውም። ሐጂ ቡሽራ የቆረጡት ይህችን ማምለጫ ነው። እውነት ሆኖ የተገኘ ነገር ሁሉ በእውነት የተነገረ አይደለምና።