ድንቢጧን የጠየቃት የለም

በአንድ ወቅት፣ ቴሌቪዥን ያለው አንድ ቤት ብቻ በሆነበት ግቢ ውስጥ፣ እታገኝ የምትባል እናት ነበረች። ቴሌቪዥኑ የእሷ ነው። ከሰዓት በኋላ የግቢው ልጆች ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ይገቡና ምንጣፉ ላይ ተጠጋግተው የካርቱን ፊልም ያያሉ። እሷም ምስር እየለቀመች ከኋላቸው ታያለች።

የዚያን ሰሞን ፊልም ስለ አንድ ክፉ አሞራ ነበር። በመጀመሪያው ክፍል የድንቢጧን ጎጆ ከነእንቁላሉ አፈራረሰው። በመጨረሻው ክፍል ግን ጎርፍ መጣ፤ ልቡ ተመለሰና እንስሳቱን ሁሉ በጀርባው እያዘለ አሻገራቸው። አክሊል ደፉለት፣ ተጨፈረ፣ አለቀ። ልጆቹ አጨበጨቡ። የእታገኝ ልጅ ሶስና ብቻ አላጨበጨበችም።

«እማ፣ ድንቢጧስ?»

«እዚያው ጭፈራው ውስጥ ትኖራለች።»

«የለችም። ፈልጌያታለሁ።»

እታገኝም ፈልጋት ነበር።

ከልጆቹ አንዱ የጎረቤት ልጅ ያፌት ነው። ክረምት ላይ በወንጭፍ የሶስናን ጫጩት ገድሎባታል። ከዚያ ወዲህ ግቢው ሁሉ «ጭልፊት» እያለ ይጠራዋል፤ የሚያጫውተውም የለ። አሞራው አክሊል በደፋ ማግስት፣ አያቱ አገር ቤት ሲታረቁ እንዳየው፣ ያፌት ድንጋይ ትከሻው ላይ አድርጎ ይቅርታ ሊጠይቅ ወጣ። የሚሄደው ሶስና ዘንድ ነበር። መንገድ ላይ ግን ሌላዋ የግቢው ጎረቤት፣ እትዬ ድንቅነሽ፣ ከበራቸው ሆነው አዩትና አዘኑለት።

«ውይ የኔ ጌታ! ጣለው፣ ጣለው! ይቅር ብለንሃል!»

ጣለው። ልጆቹም ከበው አቀፉት። ሶስና በር ሲደርስ ትከሻው ባዶ ነበር።

«ታርቄያለሁ» አላት።

«ከማን ጋር?» አለችው።

እታገኝ ዶሮዋ በፈለፈለች ቁጥር አንድ ጫጩት ለአንድ ልጅ መስጠት ልማዷ ነው። ያኔ ዶሮዋ ታቅፋ ነበር፤ እንቁላሉ ተበላሽቶ ግን የተፈለፈለችው አንዲት ጫጩት ብቻ ሆነች። እሷኑም አንድ ቀን እውነተኛ ጭልፊት ወረደባት። ያፌት ሮጦ በደረቱ ተደፋባት። የጭልፊቱ ጥፍር ሸሚዙን ከነጀርባው ሸረከተው፤ ጫጩቷ ከሥሩ እየጮኸች ወጣች።

«ለያፌት ይገባዋል! ደሙ ፈሷል!» ብለው ልጆቹ ተንጫጩ።

ያፌትም «እኔ ባልኖር እሷም የለችም» አለ። «ለኔ ካልተሰጠችኝማ ጭልፊት ማለታችሁን መቼ ትተዋላችሁ?»

ሶስና ጀርባውን አየችለት። «ያማል አይደል? ግን የኔዋ አልተመለሰችም። አሞራው አክሊል ካገኘ፣ ድንቢጧ አንድ እንቁላል አይገባትም?»

ጫጩቷን የሚመኘው ሦስተኛው ልጅ ምንተስኖት ነው፣ የእትዬ ድንቅነሽ ልጅ። ብዙ አይናገርም። ዶሮዋ ታቅፋ ሳለች ከቁርሱ ዳቦ እየቆረሰ ያበላት፣ ውሃዋን የቀየረላት፣ ሲዘንብ ጆንያ ያለበሳት እሱ ነው። ከእታገኝ በቀር ያየው የለም። አንገቱን ደፍቶ፣ «እኔስ?» አለ። «የማይሰጠኝ መጀመሪያ ማንንም ስላልመታሁ ነው?»

ይህን ጊዜ ያፌት ዘወር ብሎ ሄደ። አኩርፎ ነው ሲሉ፣ ያንኑ ድንጋይ ተሸክሞ መጣና ሶስና ፊት ቆመ።

«ይከብዳል?» አለችው።

«አዎ።»

«እንግዲያው ትንሽ ያዘው።»

ልጆቹ ሳቁ፤ ያፌትም ራሱ ሳቀ። ጥቂት አቆየችውና በሁለት እጇ አወረደችለት። እታገኝ ደስ አላት። ፊልሙ የተዋትን ድንቢጥ ልጇ አግኝታ ያመጣቻት መሰላት።

ጫጩቷ ግን አሁንም አንድ ናት። እታገኝ መዳፍ ላይ ሞቋት አንቀላፍታለች። ሦስቱ ልጆች ያዩዋታል፤ ምንተስኖት ትንሽ ራቅ ብሎ። እናት ናትና ሦስቱም ያሳዝኗታል፤ ጫጩት ደግሞ እንደ ዳቦ ተቆርሳ አትታደልም።

እናንተ በእታገኝ ቦታ ብትሆኑ ለማን ትሰጡ ነበር? ክፉ ሆኖ ለተመለሰው፣ ተበድላ ይቅር ላለችው፣ ወይስ ከመጀመሪያውም ክፉ ላልነበረው?