የቡርቃ ዲማ የአጥንት ከሰል

በአንድ ወቅት፣ ያውም ብዙ ሳይርቅ፣ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ቡርቃ ዲማ በምትባል መንደር ሦስት ሰዎች አንድ ሥራ ሠሩ። ሥራው አንድ፣ ሠሪዎቹ ሦስት፤ ጭቅጭቁም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። እናንተ መቼም ፍርድ መስጠት ትወዳላችሁና ጆሯችሁን አቁማችሁ ስሙ። በኋላ «ይቺኛዋ አምልጣኝ ነበር» ማለት አይሠራም።

የቡርቃ ዲማ ውሃ ለዓይን ኩልል ያለ ነው፤ ጣዕሙም አይከፋም። ነገር ግን ከምድር ሆድ ፍሎራይድ የሚባል ነገር ይዞ ይወጣል። ይህ ነገር ሲበዛ የልጆችን ጥርስ ያበልዛል፣ ሲቆይ ደግሞ የአዋቂን ወገብ ያደርቃል፣ እግር ያቆለምማል። በዚያች መንደር ልጃገረዶች ሲስቁ አፋቸውን በእጃቸው ይሸፍናሉ። እንግዳ ሰው ሲያያቸው ጨዋነት ይመስለዋል። ጨዋነት አይደለም፤ ጥርሳቸውን አፍረውበት ነው።

ከሦስቱ አንዷ አስካለ ናት። በአቅራቢያው ባለው ከተማ፣ ሬዲዮ ጣቢያ ውስጥ፣ ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት «ለምን?» የሚል የሳይንስ ፕሮግራም ታቀርባለች። መቀመጥ የሚባል ነገር አይሆንላትም። የጥናት ጽሑፍ እንኳ የምታነበው እየተንጎራደደች ነው። ከሁሉ በላይ ቆሽቷን የሚያሳርራት «ጥናት አመለከተ» የሚለው ዜና ነው። ሰኞ ነጭ ሽንኩርት ለልብ ይበጃል ይባላል፣ ዓርብ ነጭ ሽንኩርት ጨጓራ ይልጣል ይባላል። በስንት ሰው ላይ ተጠና? ማን ገንዘብ ሰጠ? የሚል ጠያቂ የለም። «እኔ ለሰው ግማሹን ነግሬ ግማሹን ኪሴ አልከትም» ትላለች። ይህቺ አቋሟ ናት በኋላ መዘዝ ያመጣችባት።

ሁለተኛው ዶክተር እንግዳወርቅ ናቸው። ዘጠኝ ዓመት አጥንት ሲያከስሉ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ታክሲ ውስጥ አጠገባቸው የተቀመጠ ሁሉ መስኮት ይከፍታል። ነገሩ ሲያወሩት ቀላል ነው። የከብት አጥንት አየር በማያስገባ ምድጃ ይከስላል፣ ይደቃል፣ ከዚያ ውሃው ሲያልፍበት ፍሎራይዱን ይዞ ያስቀረዋል። ግን እሳቱ ካነሰ ውሃው ይሸታል፤ ከበዛ ደግሞ አጥንቱ ይነጣና ከንቱ ይሆናል። ዘጠኙ ዓመት ያለቀው ያቺን መካከል ፍለጋ ነው።

ሦስተኛው በዳሳ ነው። ሥራው ድጋፍ እየዞሩ መለመን ነው፣ እሱ ግን «የፕሮጀክት አስተባባሪ ነኝ» ይላል። ለጋሾች ምን መስማት እንደሚወዱ ጠንቅቆ ያውቃል። «ውሃ ይዞ የሚስቅ ሕፃን ፎቶ ላክልን» ይሉታል፤ እሱ ደግሞ እጁን ከአፉ የሚያነሳ ሕፃን ፍለጋ ቀኑን ሙሉ ሲዞር ይውላል። ቢሆንም አንድ ድርጅት አሳመነና ከሰሉ ባልዲ ውስጥ ተሞልቶ ማጣሪያ ሆነና ስልሳ ቤት ገባ።

አሁን እያንዳንዳቸው ያደረጉትን ልንገራችሁ።

ማጣሪያው በገባ በአራተኛው ወር ለጋሾቹ ለጉብኝት ሊመጡ ቀን ቆረጡ። በዚያው ሳምንት እንግዳወርቅ ከአሥር ቤት ውሃ ቀድተው ለኩ። በአራቱ ቤት ፍሎራይዱ ንቅንቅ አላለም። አንዱ ዙር ከሰል ከመጠን በላይ ተቃጥሎ ኖሯል፤ ምድጃው ዘንድ የቆሙት ደግሞ ሌላ ሰው ሳይሆን እሳቸው ናቸው። የትኛው ከሰል የትኛው ቤት እንደገባ አልተመዘገበም።

«ዶክተር፣ እንግዶቹ የሚመጡት ማክሰኞ ነው። ረቡዕ እንለውጠዋለን» አላቸው በዳሳ።

«ዛሬ የሚጠጣው ልጅስ?»

እንግዳወርቅ ያንኑ ዕለት የአህያ ጋሪ ተከራይተው ስልሳውንም ማጣሪያ በገዛ እጃቸው ሰበሰቡ፤ በየደጁም ባርኔጣቸውን አውልቀው «ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አሉ። እንግዶቹ ማክሰኞ መጥተው ያዩት ማጣሪያው የነበረበትን ባዶ ቦታ ነው። ሰዓታቸውን አይተው ተመለሱ። ድጋፉም ቆመ።

በዚያው ወር በዳሳ አምስት ዓመት ሲጠብቀው የኖረው የውጭ ትምህርት ዕድል መጣለት። ቪዛው ፓስፖርቱ ላይ ተመታ፣ እናቱ የስንብት በግ ገዙ። እሱ ግን እስከ መጨረሻው ልሞክር ብሎ የድርጅቱን ደጅ ሲጠና ሰነበተ። እነሱም በመጨረሻ «ውሉን የፈረምከው አንተ ነህ። ከቆየህ እንደገና እናየዋለን፣ ከሄድክ ፋይሉ ይዘጋል» አሉት። በዳሳ ሁለት ቀን ጠፋ። ስልኩም አይነሳም። በሦስተኛው ቀን ምድጃው ዘንድ መጥቶ ቆመና «በጉን እንብላው፣ አልሄድም» አለ። እናቱ እስከ ዛሬ ለዶክተር እንግዳወርቅ ሰላምታ አይሰጡም። ድጋፉ ግን ተመለሰ፤ ማጣሪያዎቹ እንደገና ተሠሩ፣ አንድ በአንድ ተለኩ፣ ስልሳው ቤት ተመልሰው ገቡ። ውሃውም ዳነ።

ይሄኔ ነገሩ ለአስካለ ደረሳት። ሌሎች ቤቶችም እንዲሰሙና እንዲጠይቁ በሬዲዮ ይነገር ተባለ። በዳሳ ስቱዲዮ ድረስ መጣ።

«አስኩ፣ አጥንት ካልሽ ሰው ይጸየፋል፤ ከሰል በይው። ዝም ብለሽ ከሰል። ውሸት የለበትም።»

«የምን ከሰል ነው ቢሉኝስ?»

«ኧረ ማን ይጠይቅሻል!»

እንግዳወርቅም ጥያቄው አልገባቸውም። «እሳት ከነካው በኋላ ካልሲየም ነው። የምን አጥንት ነበር የሚባል ነገር የለውም» አሉ። ልብ በሉ፣ ሁለቱም የተማሩ ሰዎች ናቸው፤ ሁለቱም ልኳንዳ ቤት ሲገቡ የክርስቲያን ይሁን የእስላም ሳያረጋግጡ ደፉን አይረግጡም። ይህን ያሰቡት ግን ለሥጋ ነው እንጂ ለውሃ አልመጣላቸውም። ለአስካለም ቢሆን አልመጣላትም። እሷ የተናገረችው ደብቆ መናገር ስለማትችል ብቻ ነው።

ሐሙስ ጠዋት «አጥንት ነው፣ ከከተማው ቄራና ልኳንዳ ቤቶች የተሰበሰበ የከብት አጥንት» ብላ አሠራሩን ከነስህተቱ አስረዳች። ስልኩ ወዲያው ጮኸ።

«የማን እርድ ነው?» አለ የመጀመሪያው ሰው።

አስካለ ወረቀቷን አገላበጠች። ወረቀቷ ላይ የእሳቱ መጠን አለ፣ የውሃው ልኬት አለ፤ ይህ የለም። «ተቀላቅሏል መሰለኝ። አላውቅም» አለች።

በሳምንቱ ውስጥ ከስልሳው ቤት ሃምሳ ሁለቱ ማጣሪያውን ደፉት። ክርስቲያኑ «የእስላም ሥጋ ያጠጡን!» አለ፣ ሙስሊሙ «ሐራም ሲያስጨልጡን ከረሙ!» አለ፤ የአህያ አጥንት አለበት የሚልም አልጠፋም። ባልዲው ለዶሮ ውሃ ማጠጫ ሆነ። ሴቶቹ የጉድጓዱን ውሃ እንደ ድሮው ሳያጣሩ ከእንስራ ማጠጣት ጀመሩ።

አስካለ ውስጧ እሳት ገባ።  «እውነት ተናግሬ ልጆቹን መልሼ መርዝ አጠጣኋቸው» እያለች በጣቢያው ኮሪደር ላይ ስትመላለስ የጽዳት ሠራተኛዋ «እባክሽ ወለሉ ይድረቅበት» ትላታለች። ፕሮግራም ላይ «ውሃው ንጹሕ ነው» ብላ ሦስት ጊዜ ተናገረች፤ ማን ይስማት። ያኔ ነው ማስረዳቱን ትታ መጠየቅ የጀመረችው። ወደ ሐጂ ቱፋ ሄደች፣ ወደ ቄስ ሀብተጊዮርጊስ ሄደች፣ ምን ቢደረግ እንደሚጠጡ ጠየቀቻቸው። መልሱ በአንድ ቀን አልመጣም። እግሯ እስኪቀጥን ተመላለሰች። በመጨረሻ ሁለት ምድጃ እንዲሠራ ተስማሙ፤ የአንዱ አጥንት ከሙስሊም ልኳንዳ፣ የአንዱ ከክርስቲያን ልኳንዳ፣ ጆንያው በሽማግሌ ፊት ታስሮ በሽማግሌ ፊት የሚፈታ። አንዱ ማጣሪያ አረንጓዴ፣ አንዱ ሰማያዊ ተቀባ። አስካለ ማይክሮፎኗን ምድጃዎቹ መካከል ተክላ ሁሉንም በቀጥታ አስተላለፈች። ሐጂው ከአረንጓዴው፣ ቄሱ ከሰማያዊው በየተራ ሲጠጡ ውሃው በጉሮሯቸው ሲወርድ እንኳ ተሰማ። ስልሳው ቤት ሁለት መቶ ሆነ።

ሆነም አልሆነ፣ ማጣሪያው ከተደፋ እስኪመለስ ሰባት ወር አልፏል። ከደፉት አንዷ ጫልቱ የምትባል እናት ናት፤ ልጇ ሀዊ ያኔ አምስት ዓመቷ ነበር። እንግዳወርቅን «የልጄ ጥርስስ?» ብላ ስትጠይቃቸው አላድበሰበሱባትም። በዚህ ዕድሜ ቋሚው ጥርስ ድድ ውስጥ እየተሠራ ነው፤ በሰባቱ ወር የገባው ፍሎራይድ አይወጣም፣ ምን ያህል እንደጎዳትም ጥርሱ ሲወጣ ነው የሚታየው አሏት። አስካለ አጠገባቸው ቆማ ሰማች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያቺን ልጅ መንገድ ላይ ስታይ ልቧ ይሸማቀቃል።

ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው ድርጅቱ ደብዳቤ የላከው። የሦስት ዓመት ድጋፍ፣ ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ሥራ፤ አይከፋፈልም። መራጩም የመንደሩ የውሃ ኮሚቴ ይሁን ብሏል፤ ለነገሩ ወግ ነው፣ «ሕዝቡ ወሰነ» ለማለት። ኮሚቴው ሐጂ ቱፋ፣ ቄስ ሀብተጊዮርጊስና ጫልቱ ናቸው።

ቅዳሜ ጠዋት ጉድጓዱ አጠገብ ሦስቱም ሠሪዎች ኮሚቴው ፊት ቀረቡ።

«ከሰሉ ይደክማል» አሉ እንግዳወርቅ። «ሲደክም አይሸትም፣ አይጎመዝዝም። የሚለካው ከሌለ ባዶ ባልዲ አምናችሁ ትጠጣላችሁ። ላቦራቶሪዬ በሰኔ ይዘጋል።»

«ምድጃው ማገዶ ይፈልጋል፣ አጥንቱ መኪና ይፈልጋል፣ ጽሕፈት ቤቱ ፊርማ ይፈልጋል» አለ በዳሳ። «ደመወዜ ቆሟል። ዕድሌን ለዚህ ሥራ ሰጥቻለሁ፣ ከዚህ በኋላ ግን እናቴን በምን ልጡር?»

ተራው የአስካለ ሆነ። ለሌላ ሰው ስትናገር እንደ ውሃ የሚፈስላት ቃል ለራሷ ሲሆን አልመጣ አላት። «ጣቢያው ደጋፊ ካላመጣሁ ፕሮግራሙን ይዘጋዋል» አለች። «ይህንኑ ውሃ የሚጠጡ አሥራ ዘጠኝ መንደሮች አሉ፣ ገና አልሰሙም። አሁን ደግሞ አንዳንዱ ነጋዴ የእንጨት ከሰል በባልዲ ሞልቶ ማጣሪያ ነው እያለ መሸጥ ጀምሯል። እና... እፈልገዋለሁ። አልዋሽም፣ በጣም እፈልገዋለሁ።»

ሐጂ ቱፋ ጢማቸውን ዳበሱ። «በዕድሜዬ ስህተቱን ደጄ ድረስ ይዞ የመጣ ምሁር ያየሁት አንድ ነው። እኔ ዶክተሩን እላለሁ።»

«እኔ ደግሞ በዳሳን እላለሁ» አሉ ቄሱ። «ባይቀር ኖሮ ዛሬ የምንከራከርበት ነገርም የለም።»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩ። እንዲህ ተከፍለው ቢፈርሙ ነገ መንደሩ አረንጓዴና ሰማያዊ ሆኖ እንደሚሰለፍ ሁለቱም ገባቸው። ጥቂት ተንሾካሾኩና ወረቀቱን ወደ ጫልቱ ገፉት። «ልጇ ናት የጠጣችው፣ እሷ ትፍረድ» አሉ ሐጂው። ቄሱም ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ።

ጫልቱ ፊደል አልቆጠረችም። ሦስቱን ስም አስነበበችና የቀለሙን ሳጥን ተቀበለች።

«ዶክተር፣ እርስዎ ባይኖሩ ይህ ነገር የለም። ግን ያን የተቃጠለውንም ያጠጡን እርስዎ ነዎት» አለች። «በዳሳ፣ አንተ ባትቀር ምድጃው ሳር ያበቅልበት ነበር። ግን ከሰል ብቻ በይ ያልካት አንተ እንደሆንክ ሰምቻለሁ። ለእኔ ልጅ ስታጠጣ ለእኔ መናገር ከበደህ?»

ከዚያ ወደ አስካለ ዞረች።

«አንቺ ዝም ብትይ ኖሮ ልጄ ሰባቱን ወር ታተርፍ ነበር። አልቅሼብሻለሁ፣ ረግሜሻለሁም። ግን ዝም ብለሽኝ አንድ ቀን ከሌላ ሰው ብሰማው ያን ባልዲ ዕድሜ ልኬን ቤቴ አላስገባውም ነበር። ሀዊም እስክታድግ ጉድጓዱን ትጠጣ ነበር። አሁን ልመርቅሽ ወይስ ልርገምሽ? አላወቅሁም።»

 

ጫልቱ አውራ ጣቷን ቀለሙ ውስጥ ነከረች። ሁሉም ወረቀቱ ላይ አፈጠጠ። ከላይ አጥንቱን ከሰል ያደረጉትና ስህተታቸውን ያልሸሸጉት፣ ከመካከል ዕድሉን ጥሎ ሥራውን ያቆየው፣ ከታች እውነቱን ተናግራ ያፈረሰችውና ተመላልሳ መልሳ ያቆመችው። አንዱ ሲመረጥ የሁለቱ ሥራ ይዘጋል፤ ሀዊ ደግሞ ነገም ውሃ ትጠጣለች። ጣቱ ከወረቀቱ በላይ ቆሟል።

እናንተ ጫልቱን ብትሆኑ፣ ልጃችሁም ሀዊ ብትሆን፣ ያን ጣት የማን ስም ላይ ታሳርፉታላችሁ?