በርበሬ አሻጊውና የሚስቱ ፎቶ

«በርበሬ እያሸገ የሚተዳደር አንድ ሰው ነበረ» አሉ እማሆይ አስካለ።

ገላነው ግን የመጣው ተረት ሊሰማ አልነበረም። አባቱ የተቀበሩ ዕለት ታናሽ ወንድሙ ሳይመጣ ቀርቶ ሁለቱ ተቀያየሙ። ብዙ ሳይቆይ ሽማግሌ ገባና አስታረቃቸው፤ ጉልበት ለጉልበት ተሳሳሙ፤ ያለፈው ዳግመኛ እንዳይነሳም ተማማሉ። ከዚያ ወዲህ ክፉ ቃል አልተነጋገሩም። ነገር ግን ወንድሙን ባየ ቁጥር ሆዱ ይሻክርበታል። «ታርቀናል እኮ፤ ታዲያ ማን ነው መሃላችን የገባው? ሚስቱ ናት? ጎረቤት ነው? ግራ ገብቶኛል እማሆይ» ብሎ ነበር የጠየቃቸው።

«ጥያቄህን ሰምቻለሁ፤ ጆሮዬ ገና አልደከመም። አሁን ደግሞ አንተ ስማ» አሉና ቀጠሉ።

ሰውየው በአንዲት የገበያ ከተማ ውስጥ ጠባብ ሱቅ ነበረችው። ሴቶች ያዘጋጁትን በርበሬና ሽሮ ተቀብሎ በላስቲክ ይሞላል፤ የላስቲኩን አፍ በኤሌክትሪክ በሚግል ማሸጊያ ብረት ጫን ያደርገዋል። ሁለቱ ፊት ቀልጦ አንድ ይሆናል፤ አለቀ። እሱ ያሸገው በርበሬ ዓመት ቢቀመጥ ጠረኑ አይለወጥም ይባልለት ነበር። ይህን ሲሰማ ደስ ይለዋል። ደስ ቢለው ምን ይፈረድበታል? ሙያው ነው።

ሚስቱ በነሐሴ ሞተችበት። ሕመሟ የጥቂት ቀን ነበር። ትታለት የሄደችው አንዲት ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅና ጥቂት ፎቶዎች ነው፤ ሌላ የረባ ነገር አልነበራትም።

በዚያ አገር ደንብ ሰው ሲሞት ፎቶው ድንኳን ውስጥ ከለቅሶተኛው ጋር ይውላል። አንዷ ከፍ አድርጋ ትይዘውና ደረቷን እየመታች ታለቅሳለች፤ ሲደክማት ለሌላዋ ታቀብላለች። አንዷ ትስመዋለች፤ ሌላዋ ጉንጯ ላይ ለጥፋ ታነባበታለች። ትንንሾቹ ፎቶዎችም እንዲሁ ከእጅ እጅ ይዞራሉ። የነሐሴ ዝናብ ደግሞ ቀላል አይደለም፤ ድንኳኑ ያፈስ ነበር። ባልየው አንገቱን ደፍቶ ቢቀመጥም ዓይኑ ከፎቶው አልተነቀለም። ሲሳም ይጨነቃል፤ ሲጨበጥ ይጨነቃል። «ፊቷን ጨረሱት» ይላል በሆዱ። ሚስቱን የቀበረ ሰው ስለ ወረቀት ይጨነቃል ወይ ትለኝ ይሆናል። ይጨነቃል እንጂ፤ ሌላ ምን ቀረውና።

በሠልስቱ ለቅሶተኛው ሲበተን ፎቶዎቹን ከየሰዉ እጅ ለቃቅሞ ሱቁ ገባ። ወፍራም ላስቲክ በየፎቶው ልክ ቆረጠ። ሦስቱን ጎን በብረቱ እያሸገ እንደ ኪስ አደረገው። ከዚያ እያንዳንዱን ፎቶ አንስቶ ሳመው፤ እያለቀሰ ነው የሳመው። አስገባና አራተኛውን ጎን ዘጋ። ኪሶቹን በካርቶን ላይ ሰፍቶ አልበም አደረጋቸው። ሥራውስ ያምር ነበር፤ መርፌ የምታስገባ ቀዳዳ አልተወም።

ልጁ ይህን አይታ መጣችና «አባዬ፣ አንዷን ለእኔ ተዋት፤ ትራሴ ሥር ላድርጋት» አለችው።

«እጅ ያበላሻታል። እንዳትነኪያት። ለሙት ዓመቷ አውጥተን ለዘመድ እናሳያለን» አላትና አልበሙን ሣጥን ውስጥ፣ ከልብስ ሥር ከተተው። ልጅቷ ወደ ጓዳ ገባች። እሱም ተስማምታለች ብሎ ወሰደው።

ዓመቱን ሙሉ አልበሙን አላየውም፤ ማየቱን ፈርቶት ይሁን ምን እንጃ። ፊቷ ግን እዚያ ደኅና እንዳለ ማወቁ ብቻ ያሳድረው ነበር። ሥራ ሲበዛበት፣ ሆድ ሲብሰው፣ ሣጥኑን ዞር ብሎ ያያል፤ ይበቃዋል።

ሙት ዓመቷ ሲቃረብ አልበሙን አወጣ። የመጀመሪያውን ገጽ ገለጠ። ላስቲኩ ከውስጥ በኩል አልቦታል። ፎቶው ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ወጥቶ፣ ቀለሙ ተንሸራቶ፣ የሚስቱ ግንባር ከፀጉሯ ጋር ተደባልቋል። ሁለተኛውንም ገለጠ፤ ያው ነው። ሦስተኛውንም።

ውሃው ከየት መጣ? ሣጥኑን ዳሰሰ፤ ደረቅ ነው። ልብሱን አወጣና አሸተተ፤ ደረቅ ነው። ጣራው ላይ ወጥቶ ቆርቆሮውን በሙሉ አየ፤ የሚያፈስ የለም። መስኮት አጠገብ ቆሞ የኪሶቹን ጠርዝ በጥፍሩ እየተከተለ ፈተሸ፤ እሽጉ እንዳለ ነው። ነገሩ አልገጥም አለው። ቀዳዳ የለም፤ ውሃ ግን አለ። ቀዳዳ ቢያገኝ ኖሮ እኮ በተገላገለ። በሥራው ጥፋት አጥቶ፣ ጥፋቱ ግን ፊቱ ቁጭ ብሎ እያየው፣ ራሱ ዞረበት።

«ምናልባት ላስቲኩ ሳስቶ ይሆናል» አለና ሌላ ላስቲክ ደረበበት፤ በላይ በላዩ አሸገው። ለጥቂት ቀን አስቀምጦ ሲያየው ብሶበታል። የአፍንጫዋ ነገር እንኳ አይለይም።

ግራ የገባው ሰው ደግሞ መጨረሻው ምን ይመስልሃል? ሰው ይጠረጥራል። ልጁን ጠራትና «ከፍተሽዋል» አላት።

«አልነካሁትም አባዬ።»

«ከፍተሽ አልቅሰሽበታል። አንዷን ለእኔ ተዋት ስትይኝ እምቢ ስላልኩሽ ነው።»

ልጅቷ አልበሙን ተቀብላ አየችው። የእናቷን ፊት ለመለየት ገጹን ወደ ብርሃን አዞረችው። ከዚያ «እሺ፣ አልቅሼበታለሁ እንበል። እንባዬ በየት በኩል ገባ?» አለችው።

መልስ ሲያጣ ይበልጥ ተቆጣ፤ የማይባል ነገር ተናገራት። ልጅቷ ጨርቋን ጠቅልላ አክስቷ ቤት ገባች። ሰውየው ሚስቱን በነሐሴ አጥቶ ዓመቱን ጠብቆ ልጁን አባረረ ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ጅል ዛሬም እየተዘዋወርኩ ባየው አይገርመኝም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ እንዴት እንዳሳለፈው እሱም አያውቀው። ሱቁን ይከፍታል፤ ይሞላል፤ ያሽጋል። ቤት ሲገባ ምድጃው ቀዝቅዞ ያገኘዋል። የሙት ዓመቱ ተዝካር እየተቃረበ ነው፤ ዘመድ መጥቶ «ፎቶዋን አሳየን» ይላል፤ «ልጅህስ?» ይላል። የቱን እንደሚመልስ ቸገረው። በልጁ ላይ የፈረደው ፍርድ አንዳንዴ ልክ ይመስለዋል፤ ወዲያው ደግሞ «እንባዬ በየት በኩል ገባ?» ያለችው ትዝ ይለውና የያዘው ይጠፋበታል።

አንድ ቀን ደንበኛው የሆነች ሴት በርበሬ ይዛለት መጣች። እንደ ልማዱ እፍኝ ዘግኖ ጨበጠና ለቀቀው። በርበሬው አልተበተነም፤ የጣቱን ቅርጽ ይዞ ቀረ።

«ይሄ አልደረቀም እትዬ። መልሰሽ አስጪው።»

«በዚህ ዝናብ የት አሰጣዋለሁ ወንድሜ? አንተ ዝም ብለህ አሽግልኝ። ያንተ እሽግ እንደሆነ ምንም አያስገባ።»

«አዎ፣ ምንም አያስገባም» አለ ሰውየው። «ችግሩ እሱ አይደለም። ውስጡ ያለው እርጥበት የት ይሂድ? እሽጉ በጠና ቁጥር እሱም አብሮ ይዘጋበትና እዚያው ያሻግተዋል።»

ተናግሮ ሳይጨርስ እጁ አየር ላይ ቀረ። ሴትየዋ ያመመው መስሏት «ምነው?» አለችው። አልሰማትም። በርበሬውን ባንኮኒው ላይ ትቶላት፣ ሱቁንም ሳይዘጋ ወደ ቤቱ ሄደ።

ለበርበሬ የሚያውቀውን ለሚስቱ ፎቶ አላወቀውም ነበር። ስንቱን ሰው «አልደረቀም፣ መልሱት» ሲል የኖረ ሰው፣ በዝናብ የራሰውን፣ በስንት ሰው ጉንጭ የረጠበውን ፎቶ ከአልቃሽ እጅ ነጥቆ፣ በላዩም ራሱ አልቅሶ አሸገው። ለምን አልታየውም ካልከኝ፣ እንባ ውሃ አልመሰለውም። ከውጭ የሚመጣውን እጅ እየፈራ፣ ውስጡ ያስገባውን ረሳው።

አልበሙን አውጥቶ በምላጭ ኪሶቹን ቀደደ። ደኅና አድርጎ የዘጋውን ሁሉ ራሱ ቀደደው። ሲከፈት ሽታ ነበረው። ላስቲኩ ፎቶው ላይ ተጣብቆ ኖሮ ሲያነሳው እየላጠ ወጣ። ከትንንሾቹ ፎቶዎች ምንም አልተረፈም። ድንኳን ውስጥ ሲያዞሩት የነበረው ትልቁ ግን ከአፏ በላይ ያለው ሄዶ አፏና አገጯ ቀረ። ትሪ ላይ አጋደመውና በሁለት እጁ ይዞ አክስቷ ቤት ድረስ በእግሩ ሄደ። መንገደኛ ያየዋል፤ ትሪ ተሸክሞ የሚያለቅስ ሰው ምን ይባላል።

ልጁ በር ላይ አገኘችው። «አንቺ አይደለሽም» አላት። «ያኔ ስዘጋው እርጥብ ነበር። እኔ ነኝ።»

ልጅቷ መጀመሪያ ያየችው ትሪውን ነው። ጎንበስ ብላ አየችው። «አፏ ተርፏል» አለች።

«አፏ ተርፏል» አላት። ሁለቱም እዚያው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው አለቀሱ፤ ፎቶውን ግን ራቅ አድርገው ጥላ ውስጥ አኑረውት ነው። ሲደርቅ ልጅቷ ወሰደችው። ላስቲክ አላለበሰችውም።

እማሆይ አስካለ እዚህ ላይ ተረቱን አበቁና ገላነውን ትክ ብለው አዩት።

«ገባህ?»

«የሰውየው ገባኝ» አለ ገላነው። «የእኔን ግን ከዚህ ጋር ምን አገናኘው? እኛ እኮ ታርቀናል።»

«ታርቃችኋል። እርቁ ደግ ነው፤ ሽማግሌዎቹንም አልነቅፍም። ግን አባታችሁ የተቀበሩበት አፈር ሳይደርቅ፣ እንባችሁ ፊታችሁ ላይ እያለ፣ ዳግመኛ አይነሳ ብላችሁ አራተኛውን ጎን ዘጋችሁት። ጥሩ አድርጋችሁ ነው የዘጋችሁት፤ አንድ ቃል አልወጣበትም። አሁን ውስጡ ሲሻግት አንተ ጣራ ትፈትሻለህ። ሚስቱ ናት ትላለህ፤ ጎረቤት ነው ትላለህ። ማንም አልገባም ልጄ። ያሸጋችሁት ራሱ ነው።»

ገላነው ወደ እሳቸው ጠጋ አለ። «ምን ላድርግ ታዲያ? መሐላ አለብኝ።»

«የማልከው ለጠብ እንዳታነሳው ነው። ለመጠየቅ ማን ከለከለህ? ሲከፈት እንደሚያም ግን ከአሁኑ ልንገርህ፤ ተልጦ የሚቀርም አይጠፋም። ሁሉም ደኅና ይወጣል ብዬ አልዋሽህም።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ለመሆኑ የቀብሩ ዕለት የት ነበርክ ብለህ ጠይቀኸው ታውቃለህ?»

«ጠይቄው አላውቅም።»

«እሱስ ነግሮሃል?»

«አይነሳ ተባለ እኮ እማሆይ። ሊናገር ሲል ሽማግሌዎቹም ይብቃ አሉት፤ እኔም ይብቃ አልኩት።»

«ይኸውልህ» አሉ እማሆይ አስካለ። «አንተ ሆዴ ሻከረ ብለህ እኔ ዘንድ መጣህ። እሱ ደግሞ አባቱን ያልቀበረበትን ምክንያት ለአንድ ሰው እንኳ ሳይናገር ይዞት ተቀምጧል። ተነስ፣ ሂድና ጠይቀው።»