ሎኮ ያገኘችው መረግድ

በእኛ አካባቢ ሰው ወዳጁን አላምን ብሎ ሲፈትን፣ ሲፈትን ወዳጅነቱ ከፈረሰ በኋላ የሚጠቀስ አንድ አባባል አለ። መነሻው ከሻኪሶ ራቅ ብላ ትኖር የነበረች ሎኮ ጂሎ የምትባል ሴት ያገኘችው ድንጋይ ነው።

ሎኮ ባሏ የሞተባት፣ ሁለቱን በሬዎቿንም ድርቅ የፈጀባት ገበሬ ነበረች። አንድ ቀን ከታላቅ ወንድሟ ከዋቆ ጋር የውሃ ጉድጓድ ሲቆፍሩ፣ እንደ ሽንኩርት ከሚላጥ አብረቅራቂ ጥቁር ድንጋይ መሐል አውራ ጣት የሚያህል፣ ስድስት ጎን ያለው አረንጓዴ ነገር ወጣ። በማግስቱ ከተማ ወርደው፣ የከበሩ ድንጋዮችን እየሞረዱ ለቀለበት ለሚያዘጋጁት ለአቶ ዘውገ አሳዩት።

አቶ ዘውገ በማጉያ መነጽር አገላብጠው አዩት።

«መረግድ ነው» አሉ። «አረንጓዴ ያደረገው ከጥቁሩ ድንጋይ የገባበት ክሮሚየም የሚባል ማዕድን ነው። የውጭ ሰዎች በግንቦት ወር የተወለደ ሰው ድንጋይ ይሉታል፤ የታማኝነት ምልክት ነው ብለውም ለሚወዱት ይሰጡታል። ሐሙስ ገዢ ይመጣል። ሁለት በሬ አያሳጣሽም፣ ልጄ።»

ዋቆ ልቡ አላረፈም። ከዓመት በፊት መረግድ ነው ተብሎ አረንጓዴ ጠርሙስ በላሙ ለውጦ፣ አገር ሁሉ ስቆበታል።

«ውስጡ ስንጥቅጥቅ ያለ ነው እኮ፣ አባቴ።»

«ምስክሩ እሱ ነው። ጠርሙስ ቢሆን ጥርት ይል ነበር።»

ከዚያ ወጥተው ሎኮ ጨው ልትገዛ ድንጋዩን ለወንድሟ ሰጥታ ሄደች። ዋቆ «እውነተኛ መረግድ መዶሻ አይበግረውም» ሲባል ሰምቶ ያውቃል። እንደ እሱ እኅቱም መሳቂያ እንዳትሆን ፈራ። ከቀጥቃጩ ከአባ ኡዶ ቤት ገብቶ ድንጋዩን ብረት በሚቀጠቀጥበት መስፍ ላይ አስቀመጠና መዶሻውን አነሣ።

«ተው፣ ባለቤቷ ትምጣ» አሉት አባ ኡዶ።

«የሚሰበር ከሆነ ምን ይረባታል?» አለና አንድ ጊዜ መታው። ድንጋዩ እንደ ጨው ተበተነ።

ሎኮ ስትመጣ ዋቆ «እንኳን ይዘሽው ገዢ ፊት አልቀረብሽ። ጠርሙስ ነው» አላት። እሷ ስብርባሪውን በሻሿ ለቅማ ወደ አቶ ዘውገ ተመለሰች፤ ዋቆና አባ ኡዶም ተከተሏት። አቶ ዘውገ ተለቅ ያለውን ስባሪ አንሥተው የመስኮቱን መስታወት ጫሩበት። ነጭ መስመር ወጣ።

«ጠርሙስ መስታወትን እንዲህ አይጭርም። እውነተኛ ነበር» አሉ። «መረግድ ይጭራል እንጂ ምት አይችልም። አሁን ግን ለቀለበት የሚሆን አልተረፈም።»

ዋቆ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለ።

«ምናለ ብትጠይቀኝ?» አለችው ሎኮ።

በእርሻ ወቅት ከሁለት በሬዎቹ አንዱን ነድቶ ሰጣት፤ ተቀበለችው። ከዚያ በኋላ ግን አብረው ጉድጓድ አልቆፈሩም። ጎረቤቶች አባ ኡዶን «ለመሆኑ ድንጋዩ እውነተኛ ነበር?» ብለው ሲጠይቋቸው፣ ሽማግሌው ወናፋቸውን ሳያቆሙ «እውነቱ ታወቀ፣ መረግዱ ደቀቀ» አሉ።