ቀኛዝማች ይመኑ ላም ሲያልቡ
ቀኛዝማች ይመኑ የመንደሩን ግጦሽ የግላቸው ካደረጉ ወዲህ፣ ላም ያለው ሁሉ በየማለዳው ወተት ይልክላቸው ነበር። አንዲት መበለት የምትልከው ወተት እያነሰ ሲመጣ፣ «ትሰርቀኛለች» ብለው አንድ ጠዋት ጭፍሮቻቸውን አስከትለው ከበረቷ ደረሱ።

«ዛሬ ላምሽን ራሴ አልባታለሁ» አሉ።

«ጌታዬ፣ ቦራ ካልደባበሷት ወተት አትሰጥም። ጥጃዋ ትንሽ ይጥባ፤ ድርቆሽም ላቅርብላት» አለች ሴትዮዋ።

«እኔ ለላም ደጅ ልጥና?» ብለው የማለቢያውን ቅል ነጥቀው ቁጢጥ አሉ። ገና ጡቷን ጨበጥ ሲያደርጉ ቦራ በኋላ እግሯ አንድ ጊዜ አቀመሰቻቸው፤ ቀኛዝማቹም ከነካባቸው እበቱ ላይ ተዘረሩ።

ሴትዮዋ ክው አለች። ልጆቿን የምታሳድገው በዚያች ላም ብቻ ነው።

ቀኛዝማቹ እበቱን እያራገፉ ተነሱና፣ «ይህቺ ላም ማንን እንደረገጠች ታውቃለች? በሰው ፊት አዋርዳኛለችና እወስዳታለሁ! የምትይው አለሽ?» ብለው ጮኹ።

ሴትዮዋ ለጥ ብላ እጅ ነሳች።

«ይማሯት ጌታዬ። እንስሳ ናት፤ እንደ እኛ እንደ ሰዎቹ ምንም ሳይሰጧት ዝም ብላ መታለብ አልለመደችም።»

ጭፍሮቹ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑ። ቀኛዝማቹም ላሟን መውሰዱን የረሱት መስለው በቅሏቸው ላይ ወጡ።